መርዶ ይዤ ቴቬሬ ወንዝ ዳር

ከሮም ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ጳጳሱ አደባባይና ስለዚያ ስለ ፈራረሰው ክብ ስታዲየም ይጠይቀኛል። ስታዲየሙን በአውቶቡስ መስኮት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊቴ ቆሞ ስለነበር ያየሁት ግማሹን ነው። ጳጳሱ ዘንድ ጭራሽ አልደረስኩም። አብዛኛውን ቀን የዋልኩት ወንዝ ዳር፣ ከአንድ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ጋር፣ ዓሣ ሳጠምድ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ጣና ዳር ተወልዶ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኖ፣ ዓሣ ፍለጋ ሮም ድረስ! ስለዚህ ነገሩን ከነምክንያቱ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል አልኩ።

ምክንያቱ መርዶ ነው። እናታችን ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ደግሞ ሮም ውስጥ አንድ ሽማግሌ እየተንከባከበች መኖር ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አገር ቤት አልመጣችም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የሰው ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ስትወድቅ የሚይዛት በሌለበት እንዴት ተደርጎ? ዘመድ ተሰበሰበና እኔ እንድሄድ ተወሰነ። ወረቀቱ ሦስት ወር ፈጀ። በዚያ ሦስት ወር ትርንጎ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ “እማዬን አቅርብልኝ” ትላለች፣ እኔም “ፀበል ገብታለች” እላለሁ። ፀበሉ ሲረዝምብኝ “ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅ የላትም” አልኩ። ውሸቱ ሁሉ የተጣለው በእኔ ላይ ነበር፤ ከእማዬ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርኩት እኔ ብቻ ነኛ። ሚስት አላገባሁም። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል የማየው የተነጠፈ ባዶ አልጋ ነው።

ቅዳሜና እሑድ፦ መነሻ

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምት በመሆኑ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባሕር ዳር ሌት ተቀን ይዘንባል፣ ዓባይም ሞልቶ ደረቱን ነፍቷል። አክስቴ ከቤት ስወጣ አስቆመችኝና ጥቁር ሹራቤን አስወለቀችኝ። “በር ላይ ስታይህ እንድትሞትብን ነው?” አለች። ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረኝ የጎረቤቴን ሰማያዊ ኮት አለበሱኝ። ጎረቤቴ ከእኔ በሁለት ቁጥር ይበልጣል። እጅጌውን አንዴ አጥፌ፣ ሽሮና በርበሬ ታቅፌ፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባሁ። እሑድ ማታ ደግሞ ወደ ሮም ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ተኛች። እኔ ግን ትርንጎ “እማዬስ?” ብትለኝ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳይ በመስኮቱ መስታወት እያየሁ ስለማመድ ነጋ።

ሰኞ

አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሉኝ ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ በልጅነታቸው ለቤት ሠራተኝነት ሮም የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ለትርንጎ እንደ እናት ሆነው ነው የያዟት። አስቀድመን በስልክ ስለነገርናቸው የእናታችንን ሞት ያውቃሉ።

“እህቴስ?” አልኳቸው።

“አሎራ፣ ወንድሜ፣” አሉኝ ሻንጣዬን ሊቀሙኝ እየታገሉ፣ “ትርንጎ ፊሳ ናት። እዛው ሽማግሌው ቤት ነው ውላ የምታድረው። እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ከሰፈሩ አትወጣም።”

“እኔ እኮ እሷ ጋ የማርፍ መስሎኝ ነበር።”

“የሰው ቤት ነው እኮ! እኔ ጋ ነህ። ቫ ቤኔ፣ ተስማማን?”

መቼስ ምን እላለሁ? የመመለሻ ትኬቴ ለቀጣዩ ሰኞ ነው። እህቴን ለማየት ባሕር ተሻግሬ ስመጣ፣ ያለኝ አንድ ከሰዓትና አንድ እሑድ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ቤታቸው ሮማኒና የሚባል የከተማው ዳርቻ ነው፤ ፎቁ፣ ልብስ የተሰጣበት ሰገነቱ፣ ደረጃ ላይ የሚሰማው ትግርኛና አማርኛ ለጊዜው አገሬ ያለሁ አስመሰለኝ። ምሳ አብልተውኝ ሲያበቁ በሩን ዘግተው ምክር ያዝን።

“ሐሙስ አይሆንም፣” አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን። “ከሰዓት ነግረናት፣ ማታ ተመልሳ ሽማግሌውን ልታጥብ ነው? ማልቀሻ ጊዜ ሊኖራት ይገባል። እሑድ በማለዳ፣ ሰው ሰብስበን፣ ቄሱንም ጠርተን። እስከዛ አፍህን ያዝ። ፊትህንም።”

“ፊቴን እንዴት አድርጌ ልያዘው?”

“ሥራ ፈልግለት።”

ማክሰኞ

ትርንጎ ያለችበት ላባሮ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከሮማኒና በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሜትሮ ከመሬት በታች፣ ከዚያ በባቡር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ከፈጀብኝ ጊዜ ይበልጣል። እኛ ዘንድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ሦስት ፌርማታ ሳይሄድ የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃል። እዚያ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን አንድ ሰዓት ተጓዝን፣ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። እንዲያ ሰው መሐል ሆኖ ብቸኛ መሆንን አላውቀውም ነበር።

ትርንጎ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች፤ ግንባሯ ላይ ሽበት አውጥታለች። ተቃቅፈን ረጅም ጊዜ ቆየን። ከቀብሩ ወዲህ እየተላጨሁ ገና በቅጡ ያልበቀለውን ፀጉሬን ዳሰሰችና፣ “ፀጉርህን ምን ሆነህ ነው ጋሼ?” አለችኝ።

“ሙቀቱ ነው፣” አልኩ።

“ክረምት አይደል እንዴ እዛ?”

ኮቴን ማስተካከል ጀመርኩ። እጇን ከራሴ አነሳችና፣ “እማዬስ?” አለች።

“ደህና ናት። ፀበሉ ተስማምቷታል።”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣” ብላ ወደ ማድቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ። ውሃ እንድቀዳ ብላ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከተችኝ፤ ከሽሮዋ ጎን አንድ ቢጫ ሣጥን አየሁ፤ ክዳኑን ሳነሳ የተቀቀለ ሩዝ መሰለኝ። ሩዙ ተንቀሳቀሰ። የጮህኩት ጩኸት ሽማግሌውን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ትርንጎ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። “ትል እኮ ነው ጋሼ! የሲኞር አልዶ የዓሣ ማጥመጃ!”

ሲኞር አልዶ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ለጉዞ ተዘጋጅቶ ብቅ አለ። ድሮ የትራም መካኒክ ነበር። ባለፈው ክረምት ወንዝ ዳር ወድቆ፣ ሴት ልጁ ብቻህን እንዳትሄድ ብላ ከልክላዋለች፤ ትርንጎ ደግሞ ጭቃውን ትፈራለች። ስለዚህ እኔን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ትርንጎ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ።

“ሊቼንዛህን፣ የማጥመጃ ፈቃድህን አውጥቼልሃለሁ። በሕጋዊ መንገድ ነው የምታጠምደው።”

“ዓሣ ላጠምድ መሰለሽ እንዴ የመጣሁት?”

“ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?” አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ዘንጉን ተሸክሜ ሽማግሌውን ደግፌ ወረድኩ። በዚያን ዕለት ፊቴ ሥራ አገኘ።

ረቡዕ

አሁን ስለ ወንዙ ልናገር። እኛ ዘንድ ዓባይ ደረቱን በነፋበት ሳምንት፣ ቴቬሬ ከስቶ አጥንቱ ይታይ ነበር። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፤ ከመካከሉ የብስክሌት ጎማ ይታያል። ውሃው ከመሳሳቱ የተነሳ ታቹ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። እንዲህ ባለ ውሃ ዓሣ የሚያዝ አልመሰለኝም። አባታችን በመረብ ነበር የሚያጠምደው፤ አመሻሹ ላይ ጥሎ ይተኛል፣ ጠዋት ሄዶ ያወጣል። ዓሣው ሲያዝ አይቶት አያውቅም።

የሲኞር አልዶ ዘዴ ሌላ ነው። ዘንጉ እርስ በርሱ ተሳስቦ የሚረዝም ሰባት ሜትር ነው። ክሩ ላይ ቀይ አናት ያላት ጣት የምታህል ተንሳፋፊ አለች፣ ከሥሯ እንደ ምስር የደቀቁ የእርሳስ ፍሬዎች፣ ከዚያ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ሁለት ትል። ተንሳፋፊዋን ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ወርውረህ፣ ወራጁ እየወሰዳት አንተም በዳር ከእሷ ጋር ትወርዳለህ። መጨረሻ ስትደርስ ትሰበስባለህ፣ ተመልሰህ ያንኑ መስመር እንደገና። ቀን ሙሉ እንደዚህ ነው። ሳልሞን የሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዓሣም በዚሁ ዓይነት ዘዴ እንደሚጠመድ በኋላ ነው ያነበብኩት።

ሽማግሌው በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጦ በከዘራው እያመለከተ ያዝዘኛል። እኔ ጣሊያንኛ አላውቅም፤ እሱም አማርኛ። ነገር ግን የጋራዡ ቃል ሁሉ ጣሊያንኛ የሆነ አገር ሰው ምን ይቸግረዋል? ተንሳፋፊዋ ስትፈጥንብኝ “ፍሬና! ፍሬና!” ብሎ ሲጮህ፣ ፍሬን ያዝ ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ውሃ ላዩ ይፈጥናል፣ ታቹ ይዘገያል። ክሩን በጣትህ ይዘህ ተንሳፋፊዋን ካላዘገየሃት ትሉን እየጎተተች ታልፋለች፤ ዓሣውም የሚሮጥ ትል ምን ሊሆን ነው ብሎ ይጠረጥራል። ካዘገየሃት ግን ትሉ ቀድሞ፣ ማንም ያልያዘው መስሎ፣ መሬቱን እየዳበሰ ይደርስለታል። ውሃው ሲሳሳ ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮ ይሳሳል። እርሳሱን በግማሽ ቀነስን፣ ክሩን በሌላ ቀጭን ለወጥን፣ መንጠቆው እህል የሚያህል ሆነ። በመጨረሻ ከዘራው ወደ እኔ ዞረ፤ “አንተም ቀንስ” ማለቱ ነው። ጥላዬ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ጎንበስ ብዬ በጉልበቴ ስሄድ ዋልኩ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ የዚያን ቀን የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ተንሳፋፊዋ ጥፍት አለች። አወጣሁት፣ ክንድ የሚያህል፣ ከአፉ አራት ጢም የተንጠለጠለበት፣ የጣናን ነጭ ዓሣ ቁርጥ የሆነ ዓሣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ድንጋይ ላይ ራሱን አንድ ጊዜ መታሁና ለሽማግሌው አቀረብኩለት።

ሲኞር አልዶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዓሣውን አየው፣ ከዘራውን ይዞ ብቻውን ለመነሳት ታገለ። ለካ እሱ የያዘውን ሁሉ ነው የሚለቀው። ከከተማ ውሃ የወጣ ዓሣ እዚያ አይበላም፣ ለእሱ ደግሞ ውሃው እንዲህ ሲያንስ ዓሣ መግደል ነውር ነው። ወደ ቤት እስክንደርስ ደግፌው ስሄድ ፊቱን አላዞረልኝም። ትርንጎ ተረጎመችልኝ። “ዓሦቹ ውሃ አንሶ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው ያሉት፣ አንተ ልትጨርሳቸው ነው ወይ ይልሃል።”

“አላወቅሁም በይልኝ።”

“ዓሣውን ምን አደረግከው?”

“ቀበርኩት፣” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ትርንጎ ፊቷን አዙራ ቲማቲም መክተፍ ቀጠለች። በጾም ቀን በዘይት የሠራችልኝን ፓስታ በላን።

ሐሙስ

ሲኞር አልዶ ጠዋት በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ ቂሙን አሳድሮ ጨርሶታል። ከሰዓት ሴት ልጁ መጣችና ትርንጎ ነፃ ወጣች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ክንዴን ይዛ ዛፍ ያለበት መናፈሻ ወሰደችኝ፣ አይስክሬም ገዛችልኝ፤ የጎረቤቴ ኮት እጅጌ አይስክሬሙ ውስጥ ገባ። ስለ ልጅነታችን አወራን። አባታችን ታንኳ ላይ ሲያስቀምጠን እንዴት እንደምታለቅስ፣ እኔ ደግሞ በእሷ ለቅሶ እንዴት እንደምሳለቅ። እማዬ እንዴት ናት የሚለው ጥያቄ እስኪመጣ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። አልመጣም። በዚያ ሁሉ ሰዓት ስለ እማዬ አንዲት ቃል አላነሳችም። እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ማምሻውን በሯ ድረስ ሸኘኋትና ተመለስኩ። ባቡሩ ውስጥ ወንድማማች የሚመስሉ ሁለት ሽማግሌዎች እየተሳሳቁ ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ሙቀቱ ሽማግሌውን ጣለው፤ የደም ግፊቱ ከፍ አለ። ትርንጎ አጠገቡ መሆን ነበረባት፤ እኔን ደግሞ ቤት ውስጥ ማየት የፈለገች አትመስልም። ሲኞር አልዶ በወረቀት ካርታ ሥሎ ሰጠኝ። ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ወደሚባለው ቦታ በኩል፣ ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንደረደረ የሚወርድበት ቦታ አለ። ወንዝ ሲያንስ ዓሣ ትንፋሽ ፍለጋ ወደዚያ ዓይነት ቦታ ይሰበሰባል። በአውቶቡስ ሄጄ፣ በእግሬ ብዙ ተጉዤ ደረስኩ።

እንደተማርኩት አደረግሁ። ከጠጠሩ ራቅ ብዬ በጉልበቴ ሆንኩ፣ ጥቂት ጥቂት ትል ወደ ላይ በተንኩ፣ ተንሳፋፊዋን በጣቴ እያዘገየሁ ከፈጣኑ ውሃ ጫፍ ወደ ጥልቁ አስገባኋት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጊዜ ገባች። ክሩ ቀጭን ስለሆነ መጎተት አይቻልም፤ ሲሄድ መተው፣ ሲደክም መሰብሰብ ነው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሳወጣው፣ የረቡዕ ዕለቱ ዓሣ የዚህ ልጅ መሰለኝ። እጄን አርሼ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውጥቼ፣ አፉን ወደ ወራጁ አዙሬ ያዝኩት። መተንፈስ ሲጀምር ለቀቅኩት።

ከዚያ ቀና ብዬ የማሳየው ሰው ፈለግሁ። ማንም የለም። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጣቴ የሄደው ወደ እማዬ ቁጥር ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ደህና ነገር በሆነልኝ ቁጥር የምደውለው ለእሷ ነበር። ቁጥሯን አላጠፋሁትም። እዚያው ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከቀብሯ ወዲህ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም። ስንት ሰው እያጽናናሁ፣ ስንት ውሸት እየፈጠርኩ፣ የራሴን ለቅሶ ረስቼው ኖሯል።

ስመለስ መንገድ ጠፋኝ። አንዲት ገበሬ ሴት ከአጥሯ ውስጥ አይታኝ ቀዝቃዛ ውሃና ሁለት ኮክ ሰጠችኝ፤ ያበጠውን ዓይኔን አየች መሰለኝ በመኪናዋ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አደረሰችኝ። እሷ በጣሊያንኛ፣ እኔ በአማርኛ መንገዱን ሙሉ አወራን። ምን እንዳለችኝ አላውቅም፤ እኔ ግን እናቴ መሞቷን ነገርኳት። በሮም ምድር መርዶውን ከእኔ አፍ በመጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት።

ቅዳሜ

ሲኞር አልዶን ልሰናበተው ሄድኩ። ስለ ትልቁ ዓሣ በእጄ ለክቼ ነገርኩት፤ እንደለቀቅሁት ሳሳየው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ትርንጎ ማድቤት መሆኗን አረጋግጦ ወደ እሷ አመለከተ፣ “ማማ” አለ፣ ጣቱንም ከዓይኑ ወደ ጉንጩ አወረደ። እናቷ ትናፍቃታለች ማለቱ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ያ ሽማግሌ ሊነግረኝ የፈለገው አልገባኝም ነበር።

ሮማኒና ስመለስ የወይዘሮ ለተብርሃን ቤት ወንበር ሞልቶታል። ለትርንጎ “ነገ በማለዳ ነይ፣ ወንድምሽን ይዘን ቅዳሴ እንሄዳለን” ብለዋታል። ጎረቤቶች ምስር ይቀቅላሉ፣ አንዷ ብርጭቆ ታጥባለች። ብዙዎቹ እህቴን በዓይን እንጂ በቅርብ አያውቋትም። እንግዳ አገር ውስጥ ያለ የለቅሶ ሥርዓት እንዲህ በሰው ሰው እጅ ነው የሚቆመው።

እሑድ

ፀሐይ ሳትወጣ ዐሥራ አምስት ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው። በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ገባች፣ ሰዉን አየች፣ የነጠላውን አለባበስ አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

“ትርንጎዬ፣ እማዬ...” አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

“እማዬ!” ብላ ጮኸች። ወደቀች፤ ሁለት ሴቶች ያዟት። ደረቷን መታች፣ ስሟን ጠራች፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዳላየቻት ሳይሆን ትናንት ከጎኗ የተነሳች ያህል አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ የማያውቋትም አለቀሱ። ቄሱ ፍትሐት አድርሰው አጽናኗት። ረፈድ ሲል ወይዘሮ ለተብርሃን የራሳቸውን ጥቁር ቀሚስ ይዘውላት መጡ።

“አለኝ፣” አለች ትርንጎ በቀስታ። ከቦርሳዋ ጥቁር ቀሚስ አወጣች። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። አንገትጌው ደግሞ ከመታጠብ ብዛት ነጣ ብሏል።

እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ለሰው ምሳ ሲቀርብ ተከትያት ሰገነቱ ላይ ወጣሁ።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“በሦስተኛው ቀን፣” አለች ከተሰጣው ልብስ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። “የአጎታችን ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፋ ነበር። ድንኳኑ፣ ሰዉ። አንተ ጋቢ ለብሰህ፣ ራስህን ተላጭተህ። ወዲያው አጠፋችው። እኔ ግን አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ እንዴት...”

“ሐሙስ ሐሙስ ይህን ቀሚስ ለብሼ ወንዙ ዳር እቀመጥ ነበር። ለሲኞር አልዶ ነገርኩት፤ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።”

“ፀበል ናት ስልሽ እግዚአብሔር ይማርልኝ ትዪኝ ነበር እኮ! እኔ ስልኩን ዘግቼ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ? ለምን አልነገርሽንም?” ተናደድኩባት። እውነት ነው፣ በዚያን ቀን እንኳ ተናደድኩ።

ትርንጎ ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

“ብነግራችሁስ ምን ታደርጉ ነበር ጋሼ? በስልክ አልቅሳችሁ፣ በርቺ ብላችሁ ትዘጉት ነበር። ካላወቅሁ ግን ሰው መላካችሁ አይቀርም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም መጥቶ አይቶኝ አያውቅም። ለዚህ ግን እንደምትመጡ አውቅ ነበር።”

ከውስጥ ሰዎች ለምሳ ይጠሩናል። እሷ ግን፣ “አሁን ንገረኝ፣” አለች። “ከመጀመሪያው ጀምረህ። መቼ ታመመች? ምን በላች? ማን ነበር አጠገቧ? በየሳምንቱ ስደውል ልጠይቅህ እየፈለግሁ ነው ውሸትህን የምሰማው።”

መንገር ጀመርኩ። ሰው መካከል ተቀምጠን ቀስ ብዬ፣ ሰዉ ሲሄድ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት። የፋሲካ ለት ዶሮውን ራሷ ልታገላብጥ ተነስታ እንዴት እንደደከማት። ሐኪሙ ምን እንዳለ። ሌሊት ሌሊት የማን ስም ትጠራ እንደነበር። ትርንጎ ሁሉን ትጠይቃለች፤ የለበሰችው የቱን ቀሚስ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነበር ወይ፣ ማን አጠባት። በሁለት ሰዓት ማታ ሥራዋ ላይ መገኘት ስላለባት አብሬያት ተነሳሁ። አውቶቡስ ውስጥ ነገርኳት፣ ሜትሮ ውስጥ ነገርኳት። ሰው ቀና ብሎ አላየንም፤ በዚያን ቀን ግን ደስ አለኝ። ላባሮ ስንወርድ ገና ብርሃን ነበር። የመጨረሻውን ሳምንት ጀምሬ ሐሙስ ላይ ስደርስ ከቤቷ በር ደረስን። እማዬ ያረፈችው ቅዳሜ ነው።

በላይኛው መስኮት ሲኞር አልዶ ቆሞ ይጠብቃታል። የበሩን ቁልፍ አወጣች።

“የቀረውን ነገ ከአውሮፕላን ጣቢያ ደውዬ እነግርሻለሁ፣” አልኳት።

“አይሆንም፣” አለች። “የቀረውን በስልክ እንዳትነግረኝ ጋሼ። መጥተህ ንገረኝ።”

ሳመችኝና ገባች። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ለተብርሃን አውሮፕላን ጣቢያ ሸኙኝ፤ ማክሰኞ ባሕር ዳር ገባሁ። ዝናቡ አልቆመም ነበር። ትርንጎ እንደ ድሮው በየሳምንቱ ትደውላለች። ስለ ሽማግሌው ግፊት፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ እኔ ትምህርት ቤት እናወራለን። ስለ እማዬ የመጨረሻ ዓርብና ቅዳሜ እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።